በውጭ ግድግዳና በውስጥ ግድግዳ መካከል ስላሉት ተርቦች

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ የሞቀ ወንበር፣ ለመኖሪያ ቤትዎም ወፍራም ግድግዳ እመኛለሁ። እኔ በሕንፃ ቁጥር ሰባት አራተኛ ፎቅ ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር የምኖር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ። ፀጉር የምታህል ሞላ በወረንጦ አንሥቼ ቦታዋ ላይ የማስቀምጥ ሰው በመሆኔ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርልኛል። ዛሬ ግን ፊደሎቼ ተንጋደው፣ መስመሮቼም ቁልቁል እየሸሹ ሲያዩ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱን በደብዳቤው መጨረሻ ላይ አስረዳለሁ።

ይህ ደብዳቤ ለክቡርነትዎ የሚላክ ቢሆንም ግልጽ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ የሳይንስ መምህር ከሰዓት በኋላ መጥተው ይወስዱታል፤ ኮፒ አስደርገውም አንዱን ለጽሕፈት ቤትዎ ያደርሳሉ፣ ሌላውን በሕንፃችን መግቢያ ሰሌዳ ላይ፣ «ጣፋጭ ነገር ይከደን» ከሚለው ማስታወቂያዎ ጎን ይለጥፉታል። ቅሬታዎቼን በቁጥር የደረደርኳቸው በእህቴ ምክር ነው። እህቴ በዚሁ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት አገልግላለችና ጠባያችሁን ታውቀዋለች። «ወንድምዓለም፣ ቁጥር የሌለውን ደብዳቤ እዚያ ቤት ማንም አያነብልህም፤ ቁጥር ያለውንም ቢሆን ከሦስት አያሳልፉትም» ስላለችኝ፣ ዋናውን ጉዳይ ሦስተኛው ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ለትዕግሥተኞች ነው።

አንደኛ፦ ስለ ወቅቱ። ሙቀቱ በርዶ ቅጠል መርገፍ እንደጀመረ፣ ተርቦች በየመስኮቱና በየደረጃው ሲበዙ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ፈጥኖ ባወጣው ማስታወቂያ ነገሩ የመጣው በነዋሪዎች ዝርክርክነት መሆኑን ስለገለጸልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጥፋታችንን ተቀብለን ስኳሩን ከደንን፣ ፍራፍሬውን ካዝና ውስጥ እንዳለ ወርቅ ቆለፍንበት፣ የሻይ ብርጭቆ ጠጥተን ሳንጨርስ ማጠብ ጀመርን፤ እህቴማ የሳል ሽሮፗን ሳይቀር በሁለት ላስቲክ ጠቀለለች። ተርቦቹ ማስታወቂያዎን አላነበቡም መሰለኝ መምጣታቸውን አልተዉም።

ነገሩን ያስረዱኝ መምህሯ ናቸው። በሞቃቱ ወራት ሠራተኛ ተርቦች ሌሎች ነፍሳትን እያደኑ እጮቻቸውን፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጡትን ልጆች፣ ይመግባሉ፤ ልጆቹም በምላሹ ከአፋቸው ጣፋጭ ጠብታ ይሰጧቸዋል፣ ሠራተኞቹም በዚያች ጠብታ ይኖራሉ። ቅዝቃዜው ሲቃረብ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሏን ትተዋለች፤ የመጨረሻዎቹ ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ ጎጆው ውስጥ የሚመገብም፣ ጠብታ የሚሰጥም አይቀርም። የሠራተኞቹ ቁጥር ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሺህ ሆነው፣ ሥራ ፈትተው፣ ተርበው፣ ወደ ወደቀ ፍሬና ወደ ቆሻሻ ገንዳ፣ ከዚያም ወደ ሰው ቤት ይወጣሉ። «እንግዲህ አለቃው የተወው፣ የሚሠራው ያጣ፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንት የቀረው ሠራተኛ ቁጡ ቢሆን ምን ይፈረድበታል?» አሉኝ መምህሯ። ይህን ሲሉኝ ጽሕፈት ቤትዎ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀዳዳው መዘጋት። በወሩ መጀመሪያ ላይ፣ ከእህቴ ክፍል መስኮት በታች ከውጭ በኩል ባለ ስንጥቅ ተርቦች እየገቡ ሲወጡ አይቼ አመለከትኩ። በሦስተኛው ቀን የጥገና ሠራተኛዎ መጣ። ይህ ፍጥነት በሕንፃችን ታሪክ ታይቶ ስለማይታወቅ አንዳንድ ነዋሪዎች ሰው የሞተ መስሏቸው ወጥተው ነበር። እኛ ሰፈር «ሲሚንቶ» የምንለው ይህ ትጉህ ሰው፣ በኋላ በኩል ባለው ግቢ በረጅሙ መሰላል ወጥቶ፣ ተርቦቹ በሙሉ ውስጥ እንዳሉ ስንጥቁን ግጥም አድርጎ ደፈነው፣ ፎቶ አነሣው፣ ወረደ። በመስኮት ብቅ ብዬ «ልጄ፣ ውስጥ ያሉትስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አባባ፣ የተሰጠኝ ትእዛዝ ዝጋ ነው የሚለው፤ አስወጣ አይልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀዳዳው በተዘጋ ዕለት መዝገቡም ተዘጋ፤ «መፍትሔ አግኝቷል» የሚለውን ደብዳቤዎንም በክብር ተቀብያለሁ።

ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ ዘንድ ስደውል ሰውዬው መጀመሪያ የጠየቀኝ ማን እንደዘጋው ነበር። ስነግረው «አባቴ፣ መውጫ ያጣ ተርብ ቁጭ ብሎ አይሞትልዎትም፤ ሙቀትና ብርሃን ወዳለበት እየቆረጠመ ይመጣል። ከውጭ ይከፈትላቸው፣ የቀረውን ለእኔ ይተዉት» አለኝ። ሰውዬው መድኃኒቱም መሣሪያውም አለው፤ የሌለው ወደ ኋላው ግቢ የሚያስገባው በር ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ ሳያውቁት አይቀሩም፣ ያለው በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ እህቴ። እዚህ ላይ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንዲት ተርብ አንገቷን ነደፈቻት። አውቶቡሱ ሳይመጣ ከንፈሯና ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ አጠራት፤ ሆስፒታል ስደርስ ፊቷን እኔ አብሬያት ያደግሁት ወንድሟ አላወቅሁትም። ሐኪሙ ሰውነቷ የተርብ መርዝ እንደማይችል፣ ዳግመኛ አንዲት ብትነድፋት ልትሞት እንደምትችል ነግሮን ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ መርፌ ሰጠን። ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው። እንግዲህ በእኛ በኩል ያለው አንድ መርፌ ነው፤ በእነሱ በኩል ያለውን መምህሯ ሲገምቱ ከሦስት ሺህ አያንስም ይላሉ።

ይኸው እህቴ ባለፈው ወር መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀችና የጭኗ አጥንት ተሰበረ። ሆስፒታሉ የሚያስተኛበት ቦታ ስላልነበረው ባለሙያዎቹ የብረት አልጋ አምጥተው እዚሁ ክፍሏ ውስጥ ገጣጠሙ፣ እግሯንም በገመድና በክብደት ወጥረው አሰሩት፤ ለስድስት ሳምንት ንቅንቅ እንዳትል ተብላለች። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ የአልጋው ራስጌ የሚያርፈው ተርቦቹ በተዘጋባቸው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። አልጋው ገብቶ የተረፈው ቦታ ለእኔ ወንበርና ለትንሿ የሥራ ጠረጴዛዬ ብቻ ይበቃል፤ ወረንጦዬንና የሰዓት መስተዋቶቼን ይዤ ቀን ቀን አጠገቧ እውላለሁ። አልጋው በበሩ አይወጣም። ተፈታትቶ እንዲወጣ እሷ መነሣት አለባት፣ እሷ ደግሞ መነሣት የለባትም። አጎበር ሰቀልንላት፤ በእግሯ በኩል የክብደቱ ገመድ ስለሚወጣ አይገጥምም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ዞራ ያንን ግድግዳ ስታሞቀው ድምፁ ይጀምራል። ሃምሳ ዓመት ጆሮዬን ሰዓት ላይ ደቅኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከማርሾቹ ጥርሶች የትኛው እንደተበላ ክዳኑን ሳልከፍት እነግርዎታለሁ። ይህኛው ደረቅ ወረቀት በጥፍር ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ጥፍሩ ግን የትየለሌ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ከትራሷ በላይ መጀመሪያ ሳንቲም የምታህል እርጥብ ቡናማ ምልክት ወጣች፤ በሳምንቱ መዳፍ አከለች፤ አሁን የምግብ ሳህን ታህላለች። በጣቴ ጫን ሳደርጋት ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። ጂፕሰሙን በልተው ስለጨረሱት በእነሱና በእህቴ ፊት መካከል የቀረው የዛሬ ስድስት ዓመት የተቀባው ቀለም ብቻ ነው።

እህቴ ቀልደኛ ናት። «ደግሞ ዛሬ እነዚህ ጎረቤቶቻችን ምን እያሉ ነው?» ትለኛለች እየሳቀች፤ እጇ ግን ትራሱ ሥር ገባ እያለ መርፌዋን ሲዳብስ አየዋለሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ከእሷ በቀር ሰው የለኝም፤ ይህንንም በጨዋ ቋንቋ የምሸፋፍንበት ምክንያት አላገኘሁም።

አራተኛ፦ ስለ ሥራ ክፍፍል። ጉዳዩን ይዤ በጽሕፈት ቤትዎ የውጭ ግድግዳ ክፍል ዘንድ ስቀርብ፣ ስንጥቁ በሚገባ የተዘጋ መሆኑን፣ ተርቦቹም ከእንግዲህ ውጭ ስላልሆኑ የእነሱን ክፍል እንደማይመለከቱ በትሕትና አስረዱኝ። ፎቅ ወጥቼ የውስጥ ግድግዳ ክፍልን ብጠይቅ፣ ቀለሙ እስካልተቀደደ ድረስ በውስጥ በኩል ጉዳት ደረሰ ሊባል እንደማይችል ነገሩኝ፤ ኃላፊውም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሲቀደድ ያሳውቁን፣ ቅጽ ይሞላሉ» ብለው በር ድረስ ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ መሐሉ የማን ክፍል እንደሆነ ለመጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ማንን እንደምጠይቅ ግን አላወቅሁም።

ይህንን ለእህቴ ብነግራት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «የጥገና መመሪያው አንቀጽ አሥራ አራት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችኝ። «የውጭው የውጭ፣ የውስጡ የውስጥ። አንዲት ፊደል አልሳትኩም፣ አለቃዬ አመስግነውኝ ነበር። መሐሉስ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ታይፒስት አይጠይቅም።» የበሩን መቃን ነቅለን አልጋውን እንዳለ ወደ ሳሎን እንድንገፋው ያቀረብኩት ማመልከቻም በእናንተው ዘንድ በጥናት ላይ ይገኛል። ጥናቱ የተሟላ እንዲሆን ተስፋ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንም ጠርተን ነበር፤ የሚነድ ነገር እንዳለ ጠየቁን፣ የለም ስንላቸው ሲነድ እንድንደውል ነገሩን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለካ ለእነሱም አልተነገራቸውም።

አምስተኛ፦ ስለ ትሪው። ያለ ፈቃድ ግድግዳ የበሳ፣ ሚስማር የመታ ከቤቱ እንደሚወጣ ውላችን ላይ በወፍራም ቀለም ስለተጻፈ (ይህንንም የጻፈችው እህቴ ናት) በአልጋውና በግድግዳው መካከል የብረት ትሪ ሸጎጥኩ። ሁለት ቀን ጸጥ አሉ። በሦስተኛው ቀን ድምፁን ከትሪው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሰማሁት። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። ትሪውን ሽቅብ ሳነሣው ደግሞ ወደ ጎን ሄዱ። ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር በነበረኝ የደብዳቤ ልውውጥ ይህንን ዓይነት ብልሃት ስለለመድኩት እምብዛም አልደነገጥኩም።

ስድስተኛ፦ ስለ ትዕግሥት። በመጨረሻው ደብዳቤዎ ተርቦቹ ውርጭ ሲወርድ በራሳቸው ጊዜ ስለሚሞቱ እንድንታገሥ፣ ለማንኛውም ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ መርማሪ እንደሚመጣልን ገልጸውልናል። የመጀመሪያው ቃል በከፊል እውነት ነው፤ መምህሯም ብርድ ሠራተኞቹን እንደሚጨርሳቸው፣ የሚተርፉት ጥጋቸውን ፈልገው የሚደበቁት አዲሶቹ ንግሥቶች ብቻ እንደሆኑ ነግረውኛል። ነገር ግን የታማሚ ክፍል ነውና ሐኪሙ ክፍሉ እንዲሞቅ አዟል። ማሞቂያው ሲበራ ግድግዳውን ስነካው ለብ ይላል። እህቴን ባሞቅሁ ቁጥር እነሱንም አሞቃለሁ፣ እነሱን ላቀዘቅዝ ብል እሷን አቀዘቅዛለሁ። ውርጭ ቢወርድ ውጭ ያለውን ዛፍ ሁሉ ይገድል እንደሆነ እንጂ እኛ ቤት አይገባም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አዲስ ቤት አይደለም፣ ካሳም አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። የኋላው ግቢ በር ቁልፍ ለአንድ ሰዓት ያህል ከመሳቢያዎ ወጥቶ ለተባይ አጥፊው ይሰጠው። ሰውዬው መሰላሉን ይዞ ይውጣ፣ ሲሚንቶው ከውጭ ይሰበር፣ መውጫ ያግኙ። በስልክ ብለምነው በተጠራ ሰዓት እንደሚደርስ ቃል ገብቶልኛል። ይህን የሚያህል ውለታ ከጽሕፈት ቤትዎ ጠይቄ አላውቅም፣ ከዚህ በኋላም አልጠይቅም።

እስከዚያው ድረስ ስላደረጉልን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የስኳራችን መሆኑን ስላስተማሩን፣ ጠላታችንን ከእኛ ጋር ዘግተው ስላስቀመጡልን፣ ከክፍል ወደ ክፍል በማመላለስ የሽማግሌ ጉልበቴን ስላፍታቱልኝ፣ ከሁሉም በላይ የእኛ ቤት ድምፅ ቢሮዎ ድረስ እንዳይሰማ በሩን ጥሩ አድርገው ስለሚዘጉት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የሚቻለው ግድግዳው የሌላ ሰው ሲሆን ብቻ ነውና ይህ ጸጋ ከክቡርነትዎ አይለይ።

ክቡርነትዎ በወፍራም ግድግዳ፣ በረጅም ዕድሜና በከባድ እንቅልፍ ይኖሩ ዘንድ የሚመኝልዎ፣ በትእዛዝዎ መሠረት ጣፋጩን ሁሉ የከደነ፣

የሕንፃ ቁጥር ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
ሰዓት ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ፊደሎቼ አስረዳለሁ ያልኩትን ልንገርዎ። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ እህቴ መድኃኒቷን ወስዳ እንዳንቀላፋች፣ ከትራሷ በላይ ቀለሙ ተበሳ። ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ ቢያህል ነው። አንድ ቢጫ ፊት ብቅ ሲል ከጠረጴዛዬ ላይ እጄ የገባልኝ የኪስ ሰዓት መስተዋት ነበር፤ ቀዳዳው ላይ ደፍቼ በግራ አውራ ጣቴ ተጭኜ ይዤዋለሁ። ፕላስተር ብለጥፍበት ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ስለሚላጥ አልደፈርኩም። ይህንን ደብዳቤ ከሰላምታው ጀምሮ የጻፍኩት እንዲህ እንደሆንኩ ነው፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ እጅ አልነበረኝም። ስልኩ ሳሎን ነው። እህቴን አልቀሰቀስኳትም፤ ብትነቃስ ተነሥታ የት ትሄዳለች? በመስተዋቱ ውስጥ አያቸዋለሁ፣ እነሱም ያዩኛል፤ ከፊት ያሉት አምስት ናቸው፣ ከኋላቸው ያሉትን መቁጠር አልቻልኩም።

የውስጥ ግድግዳ ክፍል ቀለሙ ሲቀደድ አሳውቁን ባለው መሠረት እነሆ አሳውቄያለሁ። ቅጹን ሌላ ሰው ይሙላልኝ።

መምህሯ የሚመጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ፀሐይዋም ግድግዳው ጥግ ላይ ደርሳለች። ከመስተዋቱ በስተቀኝ፣ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ሌላ ድምፅ ጀምሯል። የቀረኝ አውራ ጣት አንድ ነው፤ እሱም ለክቡርነትዎ እየጻፈ ነው። አሁን ስለምፈልገው እዚህ ላይ አቆማለሁ።